የልጆቻችን ሆድና የፕሮባዮቲክ ጠብታ

በዚህ እትም ለጥያቄና መልስ ገጻችን ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንድ ነገር ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ሆዱ ይደርቃል፤ ከዚያ አንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት «ፕሮባዮቲክ ስጪው» ይላል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ በደብዳቤ ብቻ ሳይሆን በመስኮቱም በየዕለቱ እሰማዋለሁ። መልሴ አንድ ቃል አይደለም። ለአንዱ ሕመም የሚረዳው ዓይነት ለሌላው ገንዘብ ማባከን ይሆናል፤ ለአንዳንድ ሕፃን ደግሞ አደጋ አለው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ለየብቻ እመልሳለሁ።

*

«ልጄ አንድ ወር ከሳምንት ሆናት። ቀን ደህና ትውልና ከመግሪብ በኋላ ትጀምራለች። እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷ እስኪቀላ ታለቅሳለች። ከጡት በቀር ምንም አልሰጣትም። አማቴ ጤና አዳም በውሃ አፍልተን እንስጣት ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ጠብታ ሰጠችኝ፤ ጠርሙሱ ላይ ፕሮባዮቲክ ይላል። ልስጣት ወይስ ይቅር?»
ፋ. ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ስለ ጠብታው ከመናገሬ በፊት ልጅቱን እንይ። ዛሬ ማታ ስታለቅስ ልብሷን አውልቂላትና ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተመልከቻት። የእጅና የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግተሽ እይ፤ የእናት ፀጉር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም እየከለከለ ሕፃን ሲያስለቅስ ያጋጥማል። ብሽሽቷ ላይ እብጠት መኖሩን ዳስሺ። ሰውነቷ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሞቀ፣ ጡት እምቢ ካለች፣ አረንጓዴ ነገር ካስመለሳት፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካየሽ፣ ወይም ለቅሶዋ ከወትሮው የተለየና የደከመ ከሆነብሽ፣ ጠብታውን አስቀምጪውና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰጃት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳት እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ጡቷን በደንብ እየጠባች ክብደትም ከጨመረች፣ የነገርሽኝ ሐኪሞች ኮሊክ የሚሉት የሕፃናት ለቅሶ ነው። ዌሰል የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጡት መለኪያ ዛሬም ይጠቀሳል፦ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ለቅሶ። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፤ ሦስት አራት ወር ሲሞላት ይለቃታል። ልጅሽ አሁን ያለችው ከሚብስበት ጊዜ ደጃፍ ላይ ነው። ጡትሽ አልተስማማትም ማለት አይደለም፤ ወተትሽም አላነሰም። ይህን አስረግጬ የምነግርሽ፣ ብዙ እናቶች በዚሁ ለቅሶ የተነሳ ወተቴ አይበቃም ብለው የቆርቆሮ ወተት ሊገዙ ስለሚመጡ ነው።

አሁን ጠርሙሱን አንሺና ጽሑፉን አንብቢ። ፕሮባዮቲክ ማለት ሕያው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ሲበይኑት፣ በበቂ መጠን ሲሰጥ ለጤና ጥቅም የሚያስገኝ ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ብለውታል። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። «ፕሮባዮቲክ ስጪኝ» የሚለኝ ሰው «አንቲባዮቲክ ስጪኝ» ከሚለኝ አይለይም፤ የትኛውን፣ ለምኑ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ለኮሊክ ከሁሉም በላይ የተጠናው «ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ዲኤስኤም 17938» የሚባለው ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳይንስ ስሙ ስለተቀየረ አዳዲሶቹ ጠርሙሶች ላይ «ሊሞሲላክቶባሲለስ ሬውተሪ» ተብሎ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ያው ነው። ዋናው ከስሙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከሌለ፣ ወይም ጠርሙሱ ስምንት ዘጠኝ ዓይነት ስም ደርድሮ የእያንዳንዱን መጠን የማይናገር ከሆነ፣ ለዚች ልጅ አልሰጣትም።

ይኸኛው ምን ያህል ይረዳል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ቀደም ሲል የተደረጉ 4 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 345 ሕፃናትን፣ አንድ ላይ ሰብስቦ መረመረ። በ21ኛው ቀን ጠብታውን የወሰዱት ሕፃናት ካልወሰዱት ይልቅ በቀን በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ያነሰ አለቀሱ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ጡት ብቻ በሚጠቡት ላይ ነው፤ የዱቄት ወተት ለሚጠጡት ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ በ167 ሕፃናት ላይ የተደረገው ሙከራ ጠብታው ጥቅም እንደሌለው ነው ያሳየው። 25 ደቂቃ ሌሊት ልጅ ታቅፋ ለምትንጎራደድ እናት ትልቅ እፎይታ ነው። ለቅሶውን ነቅሎ ያጠፋዋል ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ግን አትመኚው።

አንቺ ጡት ብቻ ስለምታጠቢና ልጅሽ በጊዜዋ የተወለደች ጤነኛ ከሆነች (ይህን በደብዳቤሽ አልጻፍሽልኝምና አረጋግጪ) ብትሞክሪው አልከለክልሽም። የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 5 ጠብታ ነው፤ በዚህ ውስጥ 100 ሚሊዮን ያህል ሕያው ባክቴሪያ አለ። ዘይቱ ውስጥ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቂው። በንጹሕ ማንኪያ ላይ ቁጠሪና ከማጥባትሽ በፊት ስጫት። የጠርሙሱን አፍ አፏ ውስጥ አታስገቢ። በ3 ሳምንት ምንም ለውጥ ካላየሽ አቁሚው፤ ሁለተኛ ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግሽም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ጠብታው ከአዲስ አበባ የመጣው በምን ሁኔታ ነው? በውስጡ ያለው ሕያው ነገር ስለሆነ ሙቀት ይገድለዋል፤ ከሞተ በኋላም መልኩም ሽታውም አይለወጥም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ከመደርደሪያ ላይ ብዙም አይጎዳም። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ አየር ነው። መኪና ጋቢና ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ወይም ቆርቆሮ ጣራ ሥር መስኮት ላይ የተቀመጠ ጠብታ ዘይት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ጎረቤትሽን ጠይቂያት፤ የሚያበቃበትን ቀንና ስንት ዲግሪ ላይ ይቀመጥ እንደሚል እይ። ፍሪጅ ይፈልጋል የሚል ከሆነና መብራት ሲጠፋ ቶሎ የማይመለስበት ሰፈር ከሆንሽ፣ ከ25 ዲግሪ በታች ከፍሪጅ ውጭ የሚቀመጠውን ዓይነት ጠይቂ። ተከፍቶ የከረመ ከሆነ አትቀበያት።

አማትሽ ጤና አዳም ያሉት ክፉ አስበው አይደለም፤ እናቶቻችን እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ግን ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃም፣ አብሽም፣ ስኳር በውሃም፣ ጤና አዳምም አይሰጥም። ጤና አዳም መጠኑ ሲበዛ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ የሚችል ተክል ነው፤ አንድ ቅጠል ስንት እንደያዘ ደግሞ የሚለካ የለም። ማር የሚያልሱም አሉ፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር ክልክል ነው። ይህን ለእማማ በአክብሮት ንገሪያቸውና ሌላ ሥራ ስጫቸው፤ ማታ ማታ ልጅቱን ተቀብለዋት ይዘሏት። አንቺ በዚያ ሰዓት ትንሽ ትተኛለሽ። ከጠባች በኋላ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ እስክታገሳ ጠብቂ፤ መብራቱን ቀንሺ፤ ድምፅ አሳንሱ። የሰው ትዕግሥት የሚያልቅበት ሌሊት ይመጣል። ያን ጊዜ ልጅቱን በጀርባዋ አልጋ ላይ አስተኝተሽ በር ላይ ወጥተሽ ተንፍሺ። ሕፃን በፍጹም አይነቀነቅም፤ አንጎሏ ይደማል። ይህንን ለባልሽም አንብቢለት።

*

«የ1 ዓመት ከ6 ወር ልጄ ለጆሮው አሞክሳሲሊን ክላቩላኔት ታዞለት ሦስተኛ ቀኑ ላይ ተቅማጥ ጀመረው። ቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይለዋል። አንድ መድኃኒት ቤት የፕሮባዮቲክ ዱቄት በፓኬት ሰጡኝ፤ ኦ.አር.ኤስ. ግን አልሰጡኝም። እናቴ ደግሞ ጥርሱ ነው፣ የወተት ጥርሱ ይነቀል እያለች ነው። መድኃኒቱን ላቁም?»
መ. አ.፣ ከደሴ፣ ሆጤ

ወንድሜ፣ የወተት ጥርስ ለተቅማጥ አይነቀልም፤ እንጥልም አይቆረጥም። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት እናትህ ጥርሱን በማስነቀል እንዳይቀድሙህ ነው። በድድ ውስጥ ያለ ጥርስ በስለት ተፈንቅሎ ደም የፈሰሳቸውና ኢንፌክሽን የገባባቸው ልጆች ዛሬም አሉ። ጥርስ በሚወጣበት ዕድሜ ልጁ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ተቅማጡ ከቆሻሻው ይመጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚህ ብቻ ነው።

ያለ ኦ.አር.ኤስ. ዱቄቱን ብቻ ይዘህ መሄድህ አሳዝኖኛል። ልጅን በተቅማጥ የሚገድለው ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ያንን የሚተካው ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ ፕሮባዮቲክ አይተካውም፤ የትኛውም ዓይነት ቢሆን። ዛሬውኑ ግዛ ወይም ከጤና ጣቢያ ውሰድ። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ በደንብ እጠብና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሙላበት፤ አንዱን ፓኬት ሙሉውን ጨምርና አማስል። ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ ውሃ በግምት የሚያደርጉ አሉ፤ ጨውነቱ በዝቶ ልጁን ይጎዳዋል፣ ቀጥኖም አይሠራም። ለእሱ ዕድሜ ከእያንዳንዱ ቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከአንድ ሲኒ ቡና ትንሽ በለጥ የሚል፣ በማንኪያ ቀስ እያልክ ስጠው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቅና ከበፊቱ ቀስ ብለህ ቀጥል። ያደረውን ድፋው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ አይሰጥም።

ሁለተኛው ዚንክ ነው። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ እንክብል፣ ለ10 ቀን። ከዚያ በታች ለሆነ ግማሽ እንክብል። ማንኪያ ላይ በትንሽ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ወተት ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም ዚንኩ 10 ቀን ይሞላ፤ ቀጣዩንም ተቅማጥ ይቀንሳል። ጡት ከጠባ ይቀጥል፤ ምግብም አትከልክለው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 በጋራ ያወጁት ይህንኑ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን የሚተካ አልመጣም።

አሁን ወደ ፓኬትህ እንምጣ። ያንተ ልጅ ተቅማጥ በአንቲባዮቲክ ምክንያት የመጣ ይመስላል። መድኃኒቱ የጆሮውን ጀርም ሲገድል የአንጀቱንም ባክቴሪያ ያተራምሳል፤ አሞክሳሲሊን ክላቩላኔት ደግሞ በዚህ ይታወቃል። እዚህ ላይ ፕሮባዮቲክ በእርግጥ ጥቅም ታይቶበታል። 33 ጥናቶችን ያሰባሰበውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት ግምገማ፣ ከአንቲባዮቲኩ ጋር ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት ልጆች 8 በመቶው ብቻ፣ ካልወሰዱት ግን 19 በመቶው ተቅማጥ እንደያዛቸው አሳይቷል። የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሁለቱ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» እና «ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ» ናቸው። ችግሩ፣ ይህ ጥቅም የታየው ከመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ቀን አንስቶ ለመከላከል ሲሰጥ ነው። ተቅማጡ ከጀመረ በኋላ ያን ያህል አትጠብቅበት። ፓኬቱ ላይ ከሁለቱ አንዱ ስም ካለ እስከ መድኃኒቱ ፍጻሜ ብትሰጠው አይከፋም። ቡላርዲ እርሾ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይገድለውም፤ ባክቴሪያው ከሆነ ግን ከአንቲባዮቲኩ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቀው። ዱቄቱን የፈላ ወተት ወይም ትኩስ አጥሚት ውስጥ አትጨምር። ልጁ የፈንገስ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ቡላርዲን ያ መድኃኒት ይገድለዋልና ንገረን።

ይህ እርሾ የመጣበት መንገድ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቡላር የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮሌራ በገባበት በኢንዶቻይና የአካባቢው ሰዎች የፍራፍሬ ልጣጭ እየቀቀሉ ተቅማጥ ለያዘው ሲያጠጡ አይተው ነው ከልጣጩ ላይ ለይተው ያወጡት።

አንቲባዮቲኩን በራስህ አታቁም። ያዘዘለትን ሐኪም ጠይቅ፤ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ሊቀይረው ይችላል። ሰገራው ላይ ደም ካየህ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠህ ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከፈዘዘ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ያለ አንቲባዮቲክ በቫይረስ ለሚመጣው የተለመደ ተቅማጥ የፕሮባዮቲክ ነገር እየቀነሰ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ መጽሔት ላይ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች አብረው ወጡ፤ አንዱ በአሜሪካ 971፣ ሌላው በካናዳ 886 ሕፃናት ላይ የተደረጉ። ፕሮባዮቲክ የወሰዱትና ያልወሰዱት ልዩነት አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካው የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር አይሰጥ ሲል፣ የአውሮፓው የሕፃናት ማኅበር ደግሞ የተወሰኑ ዓይነቶች ሊሰጡ ይችላሉ ይላል። እኔ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ለሚበቃ ቤተሰብ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንክ ብቻ ነው የምሰጠው። ሜትሮኒዳዞል በየተቅማጡ የሚገዙትንም እመልሳለሁ፤ አብዛኛው የልጆች ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ከሁሉ የሚቀድመው የሮታ ክትባት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጣል፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት። ቀኑ ሳያልፍ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

*

«እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው በእርጎ ነው። ልጄ አሁን የሰባት ወር ልጇን ሆድ አመማት ብላ በውድ ዋጋ ጠብታ ትገዛለች። የእኛ እርጎ ከዚያ በምን ያንሳል?»
ወ/ሮ ዘ.፣ ከገራዶ

እናቴ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው። ኢሊያ ሜችኒኮቭ የተባሉት ሩሲያዊ ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኙት፣ የቡልጋሪያ ገበሬዎች የሚጠጡት የረጋ ወተት ለረጅም ዕድሜ ይረዳል ብለው ሲጽፉ ነው የዚህ ሁሉ ምርምር በር የተከፈተው። እርሶ በወይራ ባጠኑት ቅል ያረጉት እርጎም በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የተሞላ ነው። ከዚህ የተነሳ የሚያንስበት ነገር የለም ብል ደስ ባለኝ ነበር።

ሁለት ነገር ግን ይለያቸዋል። አንደኛ፣ እርጎ እንደየቤቱ፣ እንደየቅሉና እንደየወቅቱ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ይለያያል። ጠብታው ደግሞ አንድ የታወቀ ዓይነት በታወቀ መጠን ይዞ፣ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ነው የመጣው። ሁለተኛውና ዋናው ጥሬው ወተት ነው። የእኛ እርጎ አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈላ ነው የሚረጋው። ላሟ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ብሩሴሎሲስ ካለባት፣ ወይም አላቢው እጁን ካልታጠበ፣ ጀርሙ ከእርጎው ጋር ወደ ሕፃኗ ይሄዳል። ኮምጣጣነቱ ብዙ ጀርም ያዳክማል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም፤ በተለይ ገና ሳይጠነክር። የወይራው ጭስም ይረዳል፤ እሱም ብቻውን አይበቃም። እርስዎ ሆድዎ ለምዶታል፤ የሰባት ወር ሕፃን አንጀት ግን አልለመደም።

እርጎዎን ግን አያቁሙ፤ አሠራሩን ትንሽ ያስተካክሉት። ወተቱን እስኪገነፍል ያፍሉት። ጣትዎን ከተው ሲያቆዩት ለብ እስኪል ያብርዱት። ከዚያ ከቀድሞው፣ እሱም ከፈላ ወተት ከተሠራው እርጎ፣ አንድ ማንኪያ ጨምረው ታጥቦ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ከድነው ያስቀምጡ። በደሴ ብርድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ኮምቦልቻ ቢሆን ባንድ ቀን ይረጋ ነበር። ጥሩ ኮምጣጣ ሲሆን ከስድስት ወር በላይ ላለች ልጅ ከአጥሚቷ ወይም ከገንፎዋ ጎን ጥቂት ማንኪያ ቢሰጧት መልካም ነው። ስኳር አይጨመርም። የጡትን ቦታ አይውሰድ፤ የላም ወተትም እንደ ዋና መጠጥ የሚሰጠው ዓመት ሲሞላት ነው።

እንዲያውም እርጎ ከወተት የሚሻልበት ሕመም አለ። ተቅማጥ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቆይ የሕፃኑ አንጀት የወተትን ስኳር መፍጨት ያቅተዋል። ጤና ባለሙያዎች በሚከተሉት መመሪያ ላይ ለእንዲህ ያለው ልጅ የላሙን ወተት በእርጎ ተኩ የሚል ምክር አለ፤ ባክቴሪያው ከስኳሩ ከፊሉን በልቶለታልና። በእርግጥ 14 ቀን የቆየ ተቅማጥ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም፤ ልጅቷ መታየት አለባት።

ስለ አይብና ስለ እንጀራ የጻፉልኝም አሉ። አይብ አሬራው እሳት ላይ ሞቆ ስለሚሠራ፣ እንጀራም ምጣድ ላይ ስለሚጋገር፣ ሕያው የነበረው አብዛኛው ይሞታል። ምግብነታቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ለልጅዎ ግን አይቆጡ። የሰባት ወር ሕፃን ሆዷን የሚያማት ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ጠብታም እርጎም ቀድሞ አይሰጥም። ኮሊክ በዚህ ዕድሜ አልፏል። አዲስ ምግብ ጀምራ ከሆነ፣ ወይም በየመሀሉ ድንገት እየጮኸች እግሯን የምትሰበስብና ፊቷ የሚገረጣ ከሆነ፣ አንጀት ወደ አንጀት የሚገባበት ከባድ ሕመም በዚህ ዕድሜ ስለሚከሰት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። ልጅዎን ይዘዋት አብረው ይሂዱ።

*

«የአራት ዓመት ልጄ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጸዳዳው፤ ያውም እያለቀሰ። ፕሮባዮቲክ ይረዳዋል?»
ሰ. ተ.፣ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ለሆድ ድርቀት በቂ ማስረጃ የለውም፤ አትግዢ። ልጅሽ አንድ ጊዜ ሲወጣ ስላመመው አሁን ይዞ ነው የሚያስቀረው፤ በቆየ ቁጥር ይደርቃል። ሰገራውን ለሳምንታት የሚያለሰልስ እንደ ላክቱሎስ ያለ መድኃኒት በሐኪም ይታዘዝለት፤ ቶሎም አይቁም። ወተት አብዝቶ የሚጠጣ ከሆነ ቀንሺ፤ ውሃ፣ ፓፓያ፣ ባቄላና ጎመን ጨምሪ። ምግብ እንደበላ አምስት ደቂቃ እግሩ መሬት ወይም በርጩማ ረግጦ ይቀመጥ። መዋዕለ ሕፃናት የሚሄድ ከሆነ መምህሯን ጠይቂ፤ ሽንት ቤቱን ፈርቶ የሚይዝ ልጅ ብዙ ነው።

*

«በሰባት ወር የተወለደው ልጄ ከሆስፒታል ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ 2 ኪሎ ይመዝናል። እህቴ ከውጭ ፕሮባዮቲክ ላከችልኝ። ማታ ማታ ያቃስታል፤ ልስጠው?»
ሐ. መ.፣ ከኮምቦልቻ

አትስጪው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የአንጀቱ ግድግዳም የመከላከል ኃይሉም ገና ነው። በጠብታ የገባ ሕያው ባክቴሪያ ወደ ደሙ ሊሻገር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች የነበረ ሕፃን፣ ከተሰጠው ፕሮባዮቲክ የመጣ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶ መሞቱን ገልጾ ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። በሌላ በኩል ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ከሚያጠቃ ከባድ የአንጀት ሕመም አንዳንድ ዓይነቶች ይከላከላሉ የሚሉ ጥናቶችም አሉ። ስለዚህ ጉዳዩን የሚወስኑት የሕፃናት ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ እኔም ያለ እነሱ ቃል አልሰጥም። የደም ሥር ቱቦ ለተተከለላቸው፣ የካንሰር ሕክምና ለሚወስዱና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ልጆችም እንዲሁ ነው።

ማቃሰቱ ከመተንፈስ ጋር የተያያዘ እንዳይሆን ዛሬ ይታይ። ደረቱን ገልጠሽ ተመልከቺ፤ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ለመጥባት ከደከመ፣ ቀጠሮውን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ውሰጂው። እስከዚያው ቆዳ ለቆዳ ደረትሽ ላይ ታቅፈሽ አሙቂው፤ ወተትሽን አልበሽም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ስጪው። እህትሽ የላከችውን ጠርሙስም ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው።